የእንጨቱ የባቡር ድልድይ በየት በኩል ይታያል?

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ነው። በኅዳር ልጠይቃት ስሄድ በረሃ ውስጥ አለ የሚባለውን ትልቅ የእንጨት የባቡር ድልድይ ባየው ደስ ይለኛል። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ በተዘረጋው በእኛው ሐዲድ ላይ የማያቸው ድልድዮች ኮንክሪት ናቸው፤ ያን ለምን በእንጨት ሠሩት? ዕድሜዬ 60 ነው፤ ጉልበቴ ግን ደህና ነው።
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የሚሉት የጎት ካንየን ድልድይ ነው። በ1932 በፈረንጆች አቆጣጠር በመስመሩ ላይ የነበረ አንድ ዋሻ ተደረመሰ፤ መስመሩን አዙረው በ1933 ድልድዩን ሠሩት። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ180 ሜትር በላይ ነው። እንጨት የተመረጠበት ምክንያት ተብሎ የሚነገረው የሸለቆው ሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቅ ነው፤ ብረት ሲለጠጥና ሲኮማተር ይደክማል። ነፋሱን እንዲቋቋምም ጎበጥ ተደርጎ ተሠርቷል።

በሐዲዱ ዳር መሄድ ሜዳ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው፤ አይሞክሩት። ሌላው መንገድ በአንዛ ቦሬጎ ፓርክ፣ በሞርቴሮ ፓልምስ በኩል ነው። ከኦኮቲዮ ከተማ ተነሥተው ኤስ 2 የተባለውን አስፋልት ይይዛሉ፤ የመጨረሻው ክፍል አሸዋና ድንጋይ ስለሆነ የቤት መኪና ይቀረቀራል፤ ከፍ ያለ ፎር ዊል ያስፈልጋል።

የእግር ጉዞው ደርሶ መልስ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ያንሳል ብለው አይናቁት፤ የተጠረገ መንገድ የለም፤ በቋጥኝ ላይ በእጅ ጭምር ይወጣል። የደሴው ጦሳ ተራራ ላይ መጀመሪያ ወጥተው ኋላ ይወርዳሉ፤ እዚህ ግን ድልድዩ ያለው ከጋራው ወዲያ ማዶ ስለሆነ፣ ወርደው ካዩ በኋላ በደከመ ጉልበት እንደገና ሽቅብ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው በመልሱ ነው፤ ውኃውን ሲሄድ ይጨርሰዋል። ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ይያዙ፤ ግማሹን ለመመለሻ ያስቀምጡ። በእኛ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት ይነሡ፤ 6 ሰዓት ሲሆን ድልድዩ ጋ ደረሱም አልደረሱም ይመለሱ፤ በኅዳር 11 ሰዓት ላይ ይጨልማል። የስልክ ኔትወርክ አይጠብቁ፤ ካርታውን አስቀድመው ያውርዱ፤ ብቻዎን አይሂዱ። ሚዶም ይያዙ! ቾያ የሚባለው ቁልቋል እሾህ ሲሰካ በጣት ከነኩት ጣት ላይ ይተከላል፤ በሚዶ ግን ተፈንቅሎ ይወድቃል። በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጭራሽ አይታሰብም።

ድልድዩ ላይ አይውጡ። የቆየ እንጨት በብሎን ቀዳዳው ውኃ እየገባ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ላዩ ደረቅና ጠንካራ መስሎ ሳለ ሲረግጡት ይከዳል። ደግሞም ቅርጹ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከጋራው ላይ ሆነው ነው፤ ለፎቶም የሚሻለው እሱ ነው።

ቋጥኙ ካስፈራዎት እዚያው አካባቢ ካምፖ ከተማ የባቡር ሙዚየም አለ፤ እስከ በሩ በመኪና ይደረሳል።