ጠጥቶ መንዳትና ዩኒፎርም፦ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ላሉ ወገኖች ክፍት ጥያቄና መልስ

ባሻ (መልስ ሰጪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዲዩአይ (ጠጥቶ መንዳት) በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ አደባባይ ላይ እንጨርሰው። የምመልሰው አርሚን (ምድር ጦሩን)፣ ያውም አክቲቭ ዲዩቲን (በሙሉ ጊዜ የሚያገለግሉትን) ነው። የሥራ መስኬ የወታደር ፓራሊጋልነት ነው፤ ጠበቃ አይደለሁም። ስትጠይቁ አራት ነገር አትርሱ፦ የተያዘው ፖስት (የጦር ሰፈር) ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ስንት ነፋ (የትንፋሽ መለኪያው ያሳየው የአልኮል ቁጥር)፣ ወይስ አልነፋም አለ? ማዕረጉ (ኢ-3፣ ኢ-4 እያላችሁ) እና የአገልግሎት ዘመኑ? ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ? ስምና ዩኒት አትጻፉ፤ አማርኛ የሚያስተረጉም አለቃ አይጠፋም።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ፦ ኢ-4፣ 3 ዓመት፣ ግሪን ካርድ፣ ቨርጂኒያ ከፖስት ውጪ፣ 0.11፣ አደጋ የለም። ከዚህ በኋላ ምን ይከተላል?

ባሻ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። ሁለት መንገድ ይከፈታል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

የመጀመሪያው የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው። መንጃ ፈቃዱ ወዲያው ለ7 ቀን ይታገዳል። ከተፈረደበት የመጀመሪያው ጥፋት ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ) ነው፦ ቢያንስ 250 ዶላር ቅጣት፣ እስከ 12 ወር እስር ሊደርስ የሚችል፣ መንጃ ፈቃድ ለ1 ዓመት። የተወሰነ የመንዳት ፈቃድ ቢሰጠው እንኳ መኪናው ላይ እየነፉ የሚያስነሱት መሣሪያ ይገጠማል። 0.11 ስለሆነ የግዴታ እስር የለም፤ 0.15 ቢሆን 5 ቀን፣ ከ0.20 በላይ ቢሆን 10 ቀን የማይቀር ነበር።

ሁለተኛው የጦሩ ነው፤ ይሄኛው ይፈጥናል። የፖሊስ ወረቀት ለዩኒቱ ሲደርስ ፍላግ ይደረጋል፦ ዕድገት፣ ኮርስ፣ ሽልማት፣ ውል ማደስ ይቆማሉ። ፖስት ውስጥ መንዳት ይከለከላል፤ ከተፈረደበት ክልከላው 1 ዓመት ነው። ኮማንደሩ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ወደ መጠጥ ጉዳይ ክሊኒክ፣ ድሮ ኤሳፕ ወደምንለው፣ መላክ አለበት። ይሄንን ቨርጂኒያ ከሚያዘው የመጠጥ ፕሮግራም፣ ከቪኤሳፕ፣ ጋር አታምታቱ፤ የአንዱ ቀጠሮ ለሌላው ይቆጠራል ብሎ የቀረ ሰው ሁለቱም ጋ ችግር ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ጎሞር ይመጣል፤ ጄኔራሉ የሚፈርመው የተግሣጽ ደብዳቤ። መልስ ለመጻፍ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ነው። ሰው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የጎሞር መልስ ምስጢር አይደለም። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ሳያልቅ «አዎ ጠጥቼ ነበር፣ ይቅርታ» ብሎ የጻፈ ሰው ለዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ አቀብሎታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቲዲኤስ ቢሮ፣ የጦሩ መከላከያ ጠበቆች ጋ፣ ሄዶ (ነፃ ነው፣ ኮማንደሩም አያዛቸውም) በጽሑፍ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቅ። መልሱ ሲጻፍ ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠየቅ፦ አንደኛ ደብዳቤው እንዲነሳ፣ ካልሆነ ግን በሎካል ፋይል እንዲቀመጥ። ሎካል ከሆነ ቢበዛ 18 ወር ወይም እስኪዛወር ድረስ ነው። ቋሚው ፋይል ውስጥ ከገባ የዕድገት ቦርድ ሁሉ ያየዋል። ከቅርብ አለቆች፣ በተለይ ሥራውን በየቀኑ ከሚያዩት፣ ሦስት አራት ደብዳቤ ይያያዝ። የቄስ ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ የፕላቱን ሰርጀንት ደብዳቤ ግን ይበልጣል።

ፈርስት ሰርጀንቱ «ንገረኝና ልርዳህ» ቢለው፣ መብቱን የሚያስነብበው ዲኤ 3881 ፎርም ቢመጣ፣ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ይበል፤ ዲኤ 2823 ላይ ቃሉን አይጻፍ። ይሄንን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

ሚሚ_ሲያትል፦ ዲዩአይ ካለ ከጦሩ ያባርራሉ?

ባሻ፦ አራቱን ነገር ጻፊ።

ዳዊት_የሕግ፦ አንድ ጥያቄ። በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቀጣት በሕገ መንግሥቱ ክልክል ነው። ፍርድ ቤት ከቀጣው አርቲክል 15ን፣ ኮማንደሩ ያለ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ቅጣት፣ እንዴት ይሰጡታል?

ኮርፖራል_በርበሬ፦ ይሰጣሉ እንጂ! ዩኒታችን ውስጥ በየጊዜው የሚሆን ነው።

ዳዊት_የሕግ፦ ስለሚደረግ ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም።

ባሻ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ስቴትና ፌዴራል መንግሥት ሁለት የተለያዩ ባለሥልጣኖች ናቸው፤ ቨርጂኒያ ስለቀጣው ጦሩ በሕገ መንግሥት አይከለከልም። የሚከለክለው የአርሚው የራሱ ደንብ ነው፦ ኤአር 27-10 በስቴት ፍርድ ቤት የታየ ሰው በመደበኛ ሁኔታ ለዚያው ድርጊት አርቲክል 15 ወይም ኮርት ማርሻል (የጦር ፍርድ ቤት) ፊት አይቀርብም ይላል። «በመደበኛ ሁኔታ» የሚለውን አትዝለሉት፣ ልዩ ፈቃድ አለው።

ፖስት ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ፎርት ቤልቮር ውስጥ የተያዘ ሰው አሌክሳንድሪያ ያለው ፌዴራል ማጂስትሬት (ዳኛ) ፊት ሊቀርብ ይችላል፤ ያ ፍርድ ቤትና ኮርት ማርሻል የአንድ መንግሥት ስለሆኑ አንዱ ካየው ሌላው አያየውም። ኮማንደሩ ራሱ ከያዘው ደግሞ የወታደር ሕጉ አርቲክል 113 ነው (እስከ 2018 ማብቂያ ቁጥሩ 111 ነበር)፤ ጉዳት ካልደረሰ ጣሪያው ባድ ኮንዳክት ዲስቻርጅ፣ ማለትም በመጥፎ ጠባይ መሰናበት፣ እና 6 ወር እስር፣ ሰው ከተጎዳ ዲስኦነረብል፣ ማለትም በውርደት መሰናበት፣ እና 18 ወር።

ጎሞር ግን ከዚህ ክርክር ውጪ ነው። አስተዳደራዊ ስለሆነ በሕጉ ዓይን ቅጣት አይባልም፤ ፍርዱ ካለቀ በኋላም፣ ሳይጀመርም ይሰጣል።

ብሩኬ_ቴክሳስ፦ ዳኛው ክሱን ከሰረዘው ወይም ወደ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ካወረደውስ? ጎሞሩ ይቀደዳል?

ባሻ፦ አይቀደድም። ኤአር 190-5 ደብዳቤውን የሚያዘው ሲፈረድ ብቻ አይደለም፤ ምርመራው ከገደብ በላይ ካሳየም፣ በሕጋዊ መንገድ ተጠይቆ አልነፋም ካለም ያዛል። ጄኔራሉ «ከጥርጣሬ በላይ» ተብሎ አይጠበቅበትም፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ካደላ ይበቃዋል። የክሱ መሰረዝ ለመልሱ ጥሩ አባሪ ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ኮርፖራል_በርበሬ፦ እንግዲህ አልነፋም ማለት ነው የሚያዋጣው። ቁጥር ከሌለ ማስረጃ የለም።

ሰናይት_ቪኤ፦ ተው እንጂ! ቨርጂኒያ ውስጥ አልነፋም ማለት ብቻውን 1 ዓመት መንጃ ፈቃድ ያስነጥቃል።

ኮርፖራል_በርበሬ፦ መንገድ ላይ የሚሰጡትን ትንሿን መሣሪያ እምቢ ማለት ይቻላል።

ባሻ፦ ሁለት የተለያየ ነገር እያወራችሁ ነው። ቨርጂኒያ መንገድ ላይ የሚቀርበውን ትንሽ መሣሪያ እምቢ ማለት ይቻላል። ግዴታው ከተያዙ በኋላ ጣቢያ ያለው ነው፤ ሰናይት ያለችው እሱን ነው። ወታደር ላይ ደግሞ እምቢታው ራሱ ጎሞርና የ1 ዓመት የፖስት ክልከላ ያመጣል። በርበሬ፣ ምክርህን ለሲቪል ዘመዶችህ አቆየው።

ጠጅ_ወዳጅ፦ ሁለት ብርሌ ጠጅ ከመንዳት ገደቡ፣ ከ0.08፣ ያልፋል? ቤት የተጣለ፣ ለስላሳ ነው።

ፋሲካ_ዲሲ፦ ለስላሳ ጠጅ የሚባል የለም፣ ማሩ ነው የሚሸፍነው።

ጠጅ_ወዳጅ፦ የእናቴን ጠጅ አልቀመስሽም ማለት ነው።

ፋሲካ_ዲሲ፦ ጌሾው ሲበዛ ነው የሚያሰክረው ይላሉ እኮ።

ባሻ፦ ስለ ጌሾ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ቤት የተጣለ ጠጅ፣ ጠላም ሆነ አረቄ፣ ጥንካሬው አልተለካም፤ በብርሌ መቁጠር አይሠራም። ይልቅ የሚቆጠረውን ልንገራችሁ። ሰውነት በሰዓት የሚያወጣው በአማካይ 0.015 ገደማ ነው። ከሠርግ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 0.16 ይዞ የተኛ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገና 0.10 አካባቢ ነው። ለፒቲ (የማለዳ ስፖርት) በር ላይ ሲደርስ ጠባቂው ይሸተዋል፤ ያውም ፖስት ውስጥ። ቡናም ሻወርም ቁጥሩን አይቀንሱም። ሥራ ላይ ደግሞ የአርሚው ገደብ 0.05 ነው፤ መኪና ባይነዳም ጥፋት ነው። ዩታ የምትገኙ፣ እዚያ የመንገዱም ገደብ 0.05 ነው።

ወይዘሮ_አልማዝ፦ ልጄ ወታደር ነው፣ ኢ-3፣ 2 ዓመቱ፣ ዜጋ ነው፣ ከካምፕ ውጪ ነው የያዙት። ቁጥሩን አልነገረኝም። ትምህርቱን ለመክፈል ነበር የገባው። ጥቅሙ ይቀርበታል?

ባሻ፦ እማማ፣ አይጨነቁ፤ አንድ ዲዩአይ ብቻውን ጥቅሙን አይነጥቅም። የሚወስነው በምን ዓይነት ስንብት እንደሚወጣ ነው። «ኦነረብል» (በሙሉ ክብር) ከሆነ «ፖስት 9/11» የሚባለው የትምህርት ገንዘብ አለው። «ጄኔራል» (ከሙሉ ክብር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ስንብት) ከሆነ ግን የትምህርቱ ገንዘብ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ከ6 ዓመት በታች ስለሆነ፣ የከፋውን ስንብት ካላሰቡለት በቀር ቦርድ ፊት የመቅረብ መብት የለውም፤ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚከራከረው። ስለዚህ የመሰናበቻ ወረቀት ቢሰጡት ቲዲኤስ ሳያየው እንዳይፈርም ይንገሩት። ሁለተኛ ጊዜ ከተፈረደበት ግን ኤአር 600-85 የማሰናበት ሂደት እንዲጀመር ግድ ይላል። መጀመር ማሰናበት አይደለም፤ ግን ቀላል አይደለም።

ሚሚ_ሲያትል፦ ያባርራሉ ወይስ አያባርሩም ነው የጠየቅኩት።

ባሻ፦ ለወይዘሮ አልማዝ የጻፍኩትን አንብቢ።

ግሪንካርድ_88፦ ጋሼ፣ ኢ-4፣ 1 ዓመት ተኩል፣ ግሪን ካርድ፣ ሜሪላንድ ከፖስት ውጪ፣ 0.09። ኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻ) ገብቷል። ይሰረዛል?

ባሻ፦ ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር፤ ረጅም ነው።

አንድ ተራ ዲዩአይ አገር አያስወጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 በሊዮካል ጉዳይ ዲዩአይ «የኃይል ወንጀል» አይደለም ብሏል። ሁለት ነገር ግን ይቀይረዋል። መንጃ ፈቃዱ እንደታገደ እያወቀ ሰክሮ የነዳ ሰው በሎፔዝ-ሜዛ ውሳኔ (1999) ሞራል የጎደለው ወንጀል ሊባልበት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በኋላ «ሱቅ ድረስ ነው» ብሎ መሪ መያዝ ለግሪን ካርድ ባለቤት ከሁሉ የከፋ ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2019 በካስቲዮ-ፔሬዝ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ለዜግነት ጠባዩ በሚታይበት ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲዩአይ ያለው ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል።

በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 329 ለሚያመለክት ወታደር የሚታየው ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ ለሲቪሉ 5 ነው። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ግን ወደኋላም ማየት ይችላል። ፕሮቤሽን (የፍርድ ቤት ቁጥጥር) ላይ እያሉ ኤን-400 አይጸድቅም፤ ስለዚህ የሜሪላንዱ ጠበቃ ከዳኛው ጋር ሲደራደር የፕሮቤሽኑ ርዝመት ከቅጣቱ ገንዘብ ይልቅ ያሳስበው። ሜሪላንድ ውስጥ ፒቢጄ የሚባለው፣ ዳኛው ሳይፈርድ ፕሮቤሽን የሚሰጥበት፣ ለስቴቱ ፍርድ አይባልም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ዳኛው አንዳች ግዴታ ከጣለብህ ግን ለኢሚግሬሽን ፍርድ ነው። ይህንን የማያውቅ ትራፊክ ጠበቃ ብዙ ነው። ከመፈረምህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

ኤን-400 ላይ መያዝህን አትደብቅ። ጣት አሻራህ እዚያ ይጠብቅሃል፤ ውሸቱ ከዲዩአዩ ይልቅ ያስወድቃል። ቃለ መጠይቁ ላይ የፍርድ ቤቱን ማህተም ያለበት ወረቀት ይዘህ ሂድ።

ዜግነቱን አግኝተው ለተቀመጡትም፦ በውትድርና ዜጋ የሆነ ሰው 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከ«ኦነረብል» ወይም «ጄኔራል» በታች በሆነ ስንብት ከወጣ፣ ዜግነቱ ሊሻር ይችላል። «ጄኔራል» አያሽርም። ቲዲኤስ ጋ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «በውትድርና ነው ዜጋ የሆንኩት» ይሁን፤ ስምምነት ሲቀርብላችሁ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ብሩኬ_ቴክሳስ፦ ክሱ ከተሰረዘስ?

ባሻ፦ ብሩኬ። ከላይ አለ።

ሲክሬት_ክሊራንስ፦ ክሊራንሱስ (የምስጢር ሥራ ፈቃዱስ)?

ባሻ፦ ማዕረግ፣ ቁጥር፣ ቦታ የለም። ቢሆንም፦ ለሴኩሪቲ ማኔጀሩ ራስህ ቀድመህ ንገር። ኤስኤፍ-86 (የክሊራንስ መጠይቁ ፎርም) ክፍል 22 ላይ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ክስ «በ7 ዓመት ውስጥ» ሳይሆን «መቼም» ነው የሚጠይቀው፤ የተሰረዘም ይጻፋል። አንድ ዲዩአይ በጊዜና በሕክምና የሚለዝብ ነገር ነው። ደብቀህ ስትያዝ ግን የመጠጡ ጉዳይ የታማኝነት ጉዳይ ይሆናል፣ እሱ አይለዝብም።

የኔቪ_ሰው፦ ኔቪ ውስጥስ?

ባሻ፦ አርቲክል 15 ማስት ይባላል፤ መርከብ ላይ ካላችሁ እምቢ ብሎ ኮርት ማርሻል መጠየቅ የለም። ሌላውን የእናንተን መከላከያ ጠበቃ ጠይቅ።

ሹፌር_ዳላስ፦ 88ኤም (የትራክ ሹፌር)፣ ሪዘርቭ (ተጠባባቂ) ነኝ፣ ኢ-4፣ 5 ዓመት፣ ዜጋ፣ በሲቪል ጊዜዬ፣ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) አለኝ፣ ቁጥሩ 0.05፣ ትራክ ላይ።

ባሻ፦ የንግድ ትራክ ላይ ገደቡ 0.04 ነው፤ ሲዲኤልህ ለ1 ዓመት ይቆማል። ድሪል (የሪዘርቭ ልምምድ) ላይ ስላልነበርክ አርቲክል 113 አይነካህም። ደብዳቤና የማሰናበት ሂደት ግን ይቻላል፤ የሹፌርነት ሙያ ይዘህ መንዳት ካልቻልክ ዩኒቱ ወደ ሌላ ሙያ ሊቀይርህም ይችላል።

ኮርፖራል_በርበሬ፦ የጠበቃ ዋጋ ስንት ነው ጋሼ?

ባሻ፦ አልመልስም። ቲዲኤስ ነፃ ነው፤ ስቴት ፍርድ ቤት ግን አይወክልህም።

ሳራ_ኖክስ፦ ይኸው አራቱ፦ ፖስት ውስጥ፣ 0.09፣ ኢ-5፣ 7 ዓመት፣ ዜጋ። ፊልድ ግሬድ (በሜጀርና ከዚያ በላይ የሚሰጠው) አርቲክል 15 ተነቦልኛል። መቀበል ነው ወይስ ኮርት ማርሻል መጠየቅ?

ባሻ፦ ጣሪያውን እዪ፦ ከኢ-5 ወደ ኢ-4፣ የግማሽ ወር ደመወዝ ለ2 ወር፣ 45 ቀን ተጨማሪ ሥራ። ኮርት ማርሻል ከጠየቅሽ ፍርዱ የወንጀል መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ 0.09 ላይ ቁማሩ የሚያዋጣው መሣሪያው ላይ እውነተኛ ችግር ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ቲዲኤስ ያስተካከሉበትንና የመረመሩበትን መዝገብ፣ ከመያዝሽ እስከ መንፋትሽ ያለውን ደቂቃ ይጠይቅ። ምንም ካልተገኘ ተቀበይና በችሎቱ ላይ ቅጣቱ በይደር እንዲታገድ ለምኚ፤ የማዕረግ መቀነሱ ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ካልረካሽ ይግባኙ 5 ቀን ነው፣ ቀኑ የሚቆጠረው ቅጣቱ ከተነገረሽ ጀምሮ ነው። 7 ዓመት ስላለሽ፣ ምዕራፍ 14 (በጥፋት የማሰናበት ሂደት) ከመጣ ቦርድ ፊት የመቅረብ መብት አለሽ። ያንን መብት እተዋለሁ የሚል ሳጥን ወረቀቱ ላይ አለ፤ ጠበቃው አጠገብሽ ሳይቀመጥ እስክሪብቶ አታንሺ።