ስለ አየር ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ አየር ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምንተነፍሰው በአብዛኛው ኦክስጅን አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። እርጥበት የሌለበት አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው አርጎን 0.93 በመቶ ይዞ ሦስተኛ ይመጣል። ያ ሁሉ የሚወራለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኒዮን፣ ሂሊየም፣ ክሪፕተንና ዜኖን ከዚህም በጣም ያንሳሉ።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ ተራራ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረን ይሄ 21 በመቶ ስለሚወርድ ነው?

መልስ፦ አይ፣ መቶኛው ያው ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ተደባልቀው እያሉ እንዴት ይለያያሉ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወድጃታለሁ። አየር ድብልቅ እንጂ ውህድ አይደለም፤ ጋዞቹን ለመለያየት በኬሚካል ማፍረስ አያስፈልግም። የሚፈሉበት ሙቀት መለያየቱ ይበቃል፦ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196፣ አርጎን በ186፣ ኦክስጅን በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። ፋብሪካው አየሩን አጣርቶ ይጨምቀዋል። ቀጥሎ ውሃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣል፣ አለበለዚያ እንደ በረዶ ጠጥረው ቱቦውን ይደፍኑታል። የታመቀው አየር እንዲሰፋ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ያቀዘቅዛል፣ እንዲህ እያለ ከፊሉ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ረጅም ማማ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ ከደረጃ ደረጃ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ተኑ ሽቅብ ይወጣል፤ በተገናኙ ቁጥር ቶሎ የሚተነው ናይትሮጅን ወደ ላይ ይሄዳል፣ ኦክስጅኑ ታች ይጠራቀማል። ፈሳሽ ኦክስጅን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ማግኔትም ይስበዋል! አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽ የመለወጡን ዘዴ በ1895 እ.ኤ.አ. የሠራው ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ ነው።

ጥያቄ፦ አርጎን ይህን ያህል ካለ ለምን ዘግይቶ ተገኘ?

መልስ፦ ከምንም ጋር አይዋሃድማ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ከአየር ያወጣው ናይትሮጅን በሊትር 1.257 ግራም ሲመዝን፣ ከኬሚካል ያገኘው 1.2505 ግራም ሆነበት። ሌላ ሰው የሚዛን ስህተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር፣ እሱ ግን አልተወውም። ከኬሚስቱ ዊልያም ራምሴ ጋር ሲከታተሉት በ1894 እ.ኤ.አ. አርጎንን አገኙ። ዛሬም መለየቱ ቀላል አይደለም፦ ከኦክስጅን ጋር የሚፈሉበት ልዩነት 3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የራሱ ረጅም ማማ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ለሕመምተኛ ቤት የሚገባው የኦክስጅን ማሽንም አየሩን ወደ ፈሳሽ ይለውጣል?

መልስ፦ የለም፣ ቅዝቃዜ አያስፈልገውም። ውስጡ ዚዮላይት የሚባል ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማዕድን አለ። በግፊት አየር ሲገባበት ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑን ያሳልፋል። ግፊቱ ሲለቀቅ ናይትሮጅኑን መልሶ ይተፋል። ዚዮላይት የያዙ ሁለት ዕቃዎች በየተራ ስለሚሠሩ ኦክስጅኑ አይቋረጥም። የሚወጣው 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው አርጎን ነው፤ ዚዮላይቱ እሱንም አይዝማ። አንድ ነገር አደራ፦ ማሽኑ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፣ እሳትም አይቅረብ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ የተቀጣጠለን ነገር ግን ያባብሳል፤ ልብስና አንሶላም በደቂቃ ውስጥ ሊያያዝ ይችላል።