ወፍጮ ቤቱ የት ይቀመጥ? ለከተማ ፕላን ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂያችን፣

የአራተኛ ዓመት የከተማ ፕላን ተማሪ እንደሆንሽ፣ ጓደኞችሽ ሙያውን «ካርታ መቀባት» እያሉ እንደሚያቃልሉብሽ፣ አንቺ ግን ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያና መሥሪያ ቤት በከተማ ውስጥ የት የት ቢሆኑ ይሻላል የሚለው ጉዳይ እንደሚስብሽ ገልጸሽ፣ ለሥራ ምን ልዘጋጅ ብለሽ ጠይቀሻል።

ያ የሚቀባ ቀለም ምን ያህል እንደሚከብድ መርካቶ ይመስክር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ የተዛወረው፣ ወራሪዎቹ ኢትዮጵያውያንንና አውሮፓውያንን ለያይተው ለማስፈር በማቀዳቸው ነበር። ወራሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተባረረ፤ ገበያው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም፣ ተሸካሚውም ወደዚያው ይጎርፋል። ስለዚህ የአገልግሎት ቦታ ሲመረጥ ለማን ጥቅም እንደሚመረጥ መጠየቅን ከወዲሁ ልማድ አድርጊው።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ ሰጥቷል፤ ይህ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ ዳር ሰፈሮች ቤቱ ቀድሞ ሲደርስ ሥራው መሀል ከተማ ቀረ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ተራው ጋ ብትቆሚ ሰልፉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

አንድ ወፍጮ ቤት ውሰጂ። ድምፁና ብናኙ ከመኝታ ቤት መስኮት እንዲርቅ ያስገድዳል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ እህል የሚያራግፍ መኪና መግቢያ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል 25 ኪሎ ጤፍ ተሸክማ የምትመጣ እናት ዳገት ወጥታ፣ አስፋልት አቋርጣ እንድትደርስበት ማድረግ ግፍ ነው። የሚርቀውንና የሚቀርበውን በሜትር ለክተሽ፣ ግንብ ወይም ዛፍ የት ድምፅ እንደሚከልል አይተሽ፣ አጠገቡ ጉሊት ቢኖር ወረፋ ጠባቂዋ ሽንኩርቷን ይዛ እንደምትመለስ አስበሽ ቦታ ስትመርጪ፣ ያን ጊዜ ፕላነር ሆነሻል። ሕያው መንገድ የሚባለውም እንዲህ ካሉ ጉርብትናዎች የሚገኝ ነው።

ሆኖም ጥሩ ካርታ ብቻውን አይበቃም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ሠራተኛና ባለጉዳይ ያለው መሥሪያ ቤት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ብዙ ጭነት ያለው ድርጅት ደግሞ አውራ ጎዳና አጠገብ እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ አውጥታ ነበር። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቶች ባለሀብት እንዳይሸሻቸው እያላሉት ቆይቶ ቀረ። ስለዚህ ከካርታና ከንድፍ ሶፍትዌሮቹ ከጂአይኤስና ከአውቶካድ እኩል፣ ከባለሀብትና ከነዋሪ ጋር መደራደርን ተማሪ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ን በእጅሽ አድርጊ፤ በተለይ መላ ከተማውን የሚመለከተው መዋቅራዊ ፕላንና የከተማውን አንድ ክፍል በዝርዝር የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን እንዴት እንደሚለያዩ ያለ ማመንታት ማስረዳት ቻይ።

ሥራን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ብቻ ላይ አታተኩሪ። አማካሪ ድርጅቶችም፣ የትራንስፖርትና የመሬት ቢሮዎችም አሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ ትንሽ ከተማን አስቀድማለሁ፤ አውቶቡስ መናኸሪያውንም፣ ቄራውንም፣ ትምህርት ቤቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ በገዛ እጅሽ የምትነኪው እዚያ ነውና።

እስከ ምረቃሽ ድረስ የምትኖሪበትን ሰፈር በእግርሽ ዙሪና ከአንድ ብሎክ በር ተነስቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ጤና ጣቢያው፣ እስከ መዋዕለ ሕፃናቱና እስከ ታክሲ ተራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሥሪ፤ ከዚያ አንዱን ብታዛውሪ የማን መንገድ እንደሚያጥር፣ የማንስ እንደሚረዝም ጻፊበት። ያንን ወረቀት ከሥራ ማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።