ሌንሱን ገልብጪው

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የጓሯቸውን ሸረሪት ስምንት ዓይኖች በፎቶ እንዲቆጥሩ ፈልጌ ነበር። ያለኝ አሮጌ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ጠጋ ስል ፎከስ እምቢ ይለኛል፤ ከተሳካም አንድ እግሯ ጠርቶ ሌላው ሁሉ ብዥ ይላል። ጥቃቅን ነገር በቅርበት ለሚያነሳው ለማክሮ ሌንስ አቅሜ አይፈቅድም። ምን ይሻለኛል?
መምህርት ነኝ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ! ሌንስሽን ገልብጪው። ቀልዴን አይደለም፤ የፊቱ መስታወት ወደ ካሜራው፣ የኋላው ወደ ሸረሪቷ ይዙር። ገልብጦ የሚያስር ቀለበት አለ፤ ዋጋው ከማክሮ ሌንስ ጋር አይነጻጸርም። የተገለበጠ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1 ሴንቲ ሜትር የምታህለውን ፌንጣ ካሜራው ውስጥም 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ ይስላታል። የብርሃን ቀዳዳው በራሱ በሌንሱ ቀለበት የሚጠብና የሚሰፋ የድሮ ሌንስ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ብዙዎቹ አዳዲሶች ሲገለበጡ ቀዳዳቸው አይታዘዝም። የኋላው መስታወት ግን አሁን ለእሾህ ተጋልጧል። የኔን ገራዶ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ አስጭሬዋለሁ፤ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ብዥታው የእጅሽ ጥፋት አይደለም። በዚህ ቅርበት፣ በኤፍ 8 (ኤፍ የብርሃን ቀዳዳው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ጥርት የሚለው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፎከስ ቀለበቱን ማዞር ትተሽ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊና ራስሽ በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ በይ፤ ዓይኗ ጥርት ባለ ቅጽበት ተጫኚ። አሥር አንስተሽ አንዷ ከጠራች ቀንቶሻል። እግሩ ይደብዝዝ፣ ማን ይጠይቅሻል! ሙሉ አካሏን ከፈለግሽ ከጎኗ ሆነሽ የካሜራውን ጀርባ ከጎኗ ጋር ትይዩ አድርጊ። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ ያጓጓል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይፈዛል። ከኤፍ 11 አትለፊ። ብርሃን ያንሳል፤ ፍላሹን በ1/200 ሰከንድ ተጠቀሚ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ወረቀት ጋርጂበት። ያለ ወረቀት ዓይኗ ላይ የምታዪው የፍላሹን ነጭ ነጥብ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ከመሣሪያው ይበልጣል። መስከረም ላይ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሐይቁ ዳር ውረጂ። ነፍሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከውጭ ስለሆነ ፀሐይ እስክትመታቸው ጤዛ ለብሰው ደንዝዘው ይቆያሉ። ድሩ ላይ ውኃ ረጭቶ ጤዛ ማስመሰል የሚወድ አለ። እኔም ቦርከና ዳር ሞክሬው ነበር፤ የድሩ ባለቤት ሸረሪቷ ቅጠል ሥር ገብታ እስከ ረፋድ አስጠበቀችኝ።

ዓይን ለማስቆጠር ግን ድር የምታደራውን ተያትና ግድግዳ ላይ የምትዘለዋን ትንሿን ፈልጊ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ዞራም ታይሻለች። ሌንሱ ላይ ዘልላ ብትወጣ አትደንግጪ፣ እፍ በያት። የኔዋ ቦርሳዬ ውስጥ ገብታ ደሴ ድረስ አብራኝ መጥታለች።