ደቦል ሩጫውን ለምን ጠላ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሱሉልታ ነው። ደቦል የሚባል የ5 ወር ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ወንድ ነው፤ 20 ኪሎ ገብቷል። ጎበዝ ጠባቂ እንዲሆንልኝ ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ይዤው እወጣለሁ፤ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። አሁን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ይቀመጣል። ብጎትተውም እምቢ። እናቴ «አጥንቱ ስላልጠና ነው» ብላ የእንቁላል ቅርፊት እየወቀጠች ምግቡ ላይ ትነሰንሳለች። ወንድሜ ደግሞ «ካሁኑ ያዝ ያዝ እያልክ ሰው ላይ አነሳሳው፣ አለዚያ ፈሪ ይሆናል» ይለኛል። የማንን ልስማ?

ሯጩ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ መጀመሪያ ደቦልን ስማው። ዘርፈጥ ያለው ሰንፎ አይደለም። በቃኝ እያለህ ነው።

ቁመቱ አታሎሃል። 20 ኪሎ የገባ ውሻ ትልቅ ይመስላል እንጂ ገና ልጅ ነው። አጥንቱ የሚያድገው ጫፉ ላይ ካለ ለስላሳ ክፍል ነው። እንደ ደቦል ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ይህ ክፍል ጠንክሮ የሚዘጋው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ አስፋልት ላይ በገመድ እየተጎተቱ፣ ሳያቋርጡ፣ በአንድ ፍጥነት መሮጥ ለመገጣጠሚያው ጥሩ አይደለም። ያውም ሱሉልታ! 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ አንተ ለሜዳሊያ ትሮጥ ይሆናል፤ እሱ ምን ዕዳ አለበት?

እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ ውሻዬ ነው። ሥልጠና በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሮትዋይለር ነበረኝ። ገና በ7 ወሩ ከሳይክሌ ኋላ አስሮጠው ነበር። የሰፈር ልጆች ሲያጨበጭቡ ደረቴ ይነፋል። አንድ ቀን ከተኛበት ሲነሳ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ገጥሞ እንደ ጥንቸል ዘለለ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ዳሌው ነው። ሐኪሙ በዘር የመጣ ነገርም አለበት አለኝ፤ ያባባስኩት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ በኋላ ደረጃ ባየ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ደቦል ከእንቅልፍ ሲነሳ አካሄዱን ልብ ብለህ እየው። እንደዚያ ከዘለለ፣ ወይም አንክሶ በሁለት ቀን ካልተሻለው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው።

ታዲያ ታስሮ ይዋል ማለቴ አይደለም። ውሻ ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ አውሎ ማታ መልቀቅ የሚባለውን ልማዳችንን አልወደውም። ሣር ላይ ልቀቀው። ሲፈልግ ይሩጥ፣ ሲደክመው ይጋደም፤ ወሳኙ እሱ ይሁን። በገመድ ለሚሄድበት ደግሞ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር 5 ደቂቃ የሚባል የዘልማድ ስሌት አለ። ለደቦል 25 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሕግ አይደለም፤ ግን ከ6 ኪሎ ሜትር ይሻላል። ከዚህም ያነሰ ቡችላ ያላችሁ አንባቢዎች ደረጃ ላይ አታመላልሱት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኖርዌይ ጥናት እስከ 3 ወራቸው ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችሎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ ወጣ ገባ በሆነ ለስላሳ መሬት ላይ በነፃነት የሚጫወቱት ደግሞ እንደሚሻሉ አሳይቷል።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አሳቢነታቸው ገብቶኛል፤ ቅርፊቱን ግን ይተዉት። የዚህ ዕድሜ ቡችላ ትርፍ ካልሲየም ሲሰጡት እንደ ትልቅ ውሻ አይመልስም። አንጀቱ ዝም ብሎ ያስገባዋል፣ አጥንቱም ይበላሻል። የተዘጋጀ የቡችላ ምግብ የሚበላ ከሆነ በልኩ አለው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ከሆነ በርግጥ ይጎድለዋል፤ መጠኑን ግን ሐኪም ይንገራችሁ እንጂ ሙቀጫው አይወስን። ደግሞ አታወፍሩት። ጎኑን ስትዳብሰው የጎን አጥንቱ ለእጅህ ሊታወቅህ ይገባል።

ወንድምህ ግን ያስፈራኛል። በዚህ ዕድሜው ሰው ላይ የሚያነሳሱት ቡችላ ጀግና አይወጣውም፤ ፈርቶ የሚናከስ ይሆናል። ደግሞስ የዘሩ ሥራ ምን ነበር? ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ይህን ዝርያ ሲመሠርት የመረጠው የእረኛ ውሻ ነው። ሥራው በጎቹ ወደ ሰው እርሻ እንዳይገቡ በዳሩ መመላለስ ነበር። አጥር በሌለበት አጥር መሆን ማለት ነው። ደቦልንም ማታ ማታ በገመድ ይዘህ ግቢውን አንድ ዙር አዙረው። በሩ ጋ ስትደርሱ አስቀምጠው፣ ከፍተህ ዝጋ፣ ቀጥሉ። በሌላ ቀን መንገድ ዳር ቁሙና ባጃጁን፣ ጭነት የያዘ አህያውን፣ ዣንጥላ የዘረጋውን ሰው ዝም ብሎ ይይ። ዝም ሲል ጉርሻ አይቅርበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ካልወሰደ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን ጨርስ፤ ከ3 ወሩ ጀምሮ ይሰጣል።

ዋናው ሥራው ግን በአፍንጫው ነው። ሦስት ባዶ ጣሳ ፈልግ። ጠርዙ እንዳይቆርጠው በመዶሻ ደብድበው። ከአንዱ ሥር የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ አድርግና ሦስቱንም ሣሩ ላይ ድፋቸው። መጀመሪያ ሁሉንም በመዳፉ ያንኳኳል። ከዚያ ይረጋል። አፉን ይዘጋል፣ አፍንጫው ፍን ፍን ማለት ይጀምራል፣ ጭራው ቀጥ ይላል። ትክክለኛው ጋ ሲቆም አንሳለትና ይብላ። ሲለምደው አንዱን ከዛፍ ኋላ፣ አንዱን ከበርሜሉ ጥግ ደብቅ። 10 ደቂቃ በቂው ነው።

ይህን ጠዋት ከሩጫህ በፊት አድርገው። ጨርሶ ውሃውን ጠጥቶ ጥላ ሥር ጥቅልል ሲል ጫማህን አስረህ ውጣ። ለ6 ኪሎ ሜትሩ ጓደኛ ከፈለግህ ሱሉልታ ሯጭ ሞልቷል። ደቦልን በዓመት ከመንፈቁ ሐኪም ካየው በኋላ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ጀምረህ ታስከትለዋለህ።