ከኮምፒውተሩ በፊት እርሳስ አንሡ

የሮኬት ሞተር የሚተፋው ጋዝ ከስሱ የላይኛው ከባቢ አየር ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በኮምፒውተር ለማስላት ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

በዚህ ሙያ ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው ያማረ ሥዕል ነው። ኮምፒውተር ያለቦታው የገባ ቀመር ሲሰጡት እምቢ አይልም፤ በቀይና በሰማያዊ ያሸበረቀ መልስ ያቀርባል፣ አለቆችም ይደሰታሉ። ቀመራችሁ እስከ የት እንደሚታመን ሳታውቁ ስሌት አትጀምሩ።

በባሕር ጠለል ላይ አንድ የአየር ሞለኪውል ሌላውን ሳይገጭ የሚጓዘው ርቀት ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛም በእጅጉ ያነሰ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግን ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሞተሩ ውስጥ ጋዙ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ከአፉ ከራቀ በኋላ ሞለኪውሎቹ በየፊናቸው ይበራሉ። ለመጀመሪያው የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት የሚሰላበት የናቪየ-ስቶክስ ቀመር ይበቃል። ለሁለተኛው አውስትራሊያዊው ግሬም በርድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ዘዴ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው ስለ ብዙ እውነተኛ ሞለኪውሎች የሚቆሙ ወኪል ሞለኪውሎችን እያንቀሳቀሱ ግጭታቸውን በዕጣ መወሰን ማለት ነው።

አሁን እርሳስ አንሡ። በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ምድርን የምትዞር መንኮራኩር በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ጋዙ ከሞተሩ በ3 ይወጣል እንበል። ጋዙ ወደ ጉዞዋ አቅጣጫ ሲተፋ፣ በውስጡ ያለው የውሃ ተን በዚያ ከፍታ በብዛት ከሚገኘው የኦክስጅን አቶም ጋር በ10.7 ይላተማል፤ ወደ ኋላ ሲተፋ በ4.7። የግጭቱ ጉልበት በመጀመሪያው 5 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶምና የሞለኪውል ጉልበት መለኪያ) ገደማ፣ በሁለተኛው 1 ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ግጭት በአልትራቫዮሌት የሚያበራ ሃይድሮክሲል (የአንድ ኦክስጅንና የአንድ ሃይድሮጅን ጥምር) እንዲወጣ ደግሞ 4.8 አካባቢ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ ከ3ቱ ላይ ጥቂት ብትቀንሱ ወደ ፊት የተተፋውም ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ብርሃኑን የሚሰጡት ከአማካዩ የፈጠኑት ጥቂቶች ናቸው፤ አማካይ ፍጥነት ብቻ የያዘ ስሌት እነሱን አያያቸውም። በበርድ ዘዴም ቢሆን ጥቂት በመሆናቸው ውጤቱ ይዋዥቃል፤ መዋዠቁን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ለመለማመጃ የአሜሪካው የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ያዘጋጀው ስፓርታ የተባለ በበርድ ዘዴ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ቦታውን የከፋፈላችሁባቸው የስሌት ክፍሎች አንድ ሞለኪውል ሌላውን ሳይገጭ ከሚጓዘው ርቀት ማነሳቸውን አረጋግጡ። ከዚያም አንዱ ዘዴ ለሌላው የሚያስረክብበትን ድንበር ወደ ሞተሩ አፍ ጠጋ አድርጋችሁ ደግማችሁ አስሉ። መልሱ ከተለወጠ ድንበሩን ያለቦታው አስምራችኋል።