የእንቁላሉ ቅርፊት ለምን ሳሳ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አራት ኪሎ ነኝ፣ ግቢያችን ውስጥ 12 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ፣ ምግባቸው ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው፣ ሰሞኑን እንቁላሉ ገና ስይዘው ይሰነጠቃል፣ ትናንትናማ አንዱ ያለ ቅርፊት ልስልስ ብሎ ወጣ። ጎረቤቴ የቀለም ኖራ በጥብጠሽ አጠጫቸው አለችኝ፣ ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ ኖራውን ተይው፣ ያቃጥላቸዋል! አንድ ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ፣ ግን የበላችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ስለማይገባ በቀን ወደ 4 ግራም ትፈልጋለች፣ ፉርሽካ ደሞ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ፎስፈረስ አለው፣ ግን አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው፣ ዶሮም አሳማም እሱን የሚፈታ በቂ ኢንዛይም ስለሌላቸው በኩስ ይወጣል (ፋብሪካዎች መኖ ላይ ፋይቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚጨምሩት ለዚሁ ነው)።

አሁን የእንቁላል ቅርፊት ሰብስቢ፣ ቀቅለሽ አድርቂና ውቀጪው፣ ግን እንደ ሽሮ ዱቄት እንዳታደርጊው፣ እንደ ክክ ይሁን። ለምን መሰለሽ፣ ቅርፊቱ በብዛት የሚሰራው ማታ እሷ ተኝታ ነው፣ ዱቄቱ እስከዛ አልፎ ይሄዳል፣ ሻካራው ግን ጥርስ ስለሌላት እህል የሚፈጭላት ጡንቻማ ከረጢት ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ለብቻው በጣሳ አስቀምጪላቸው፣ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትለቅማለች። ሳትወቅጪ ግማሹን ቅርፊት እንዳለ እንዳትወረውሪ ብቻ፣ እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። ፉርሽካውንም ቀንሰሽ የእንቁላል ጣይ መኖ ግዢላቸው፣ ውድ ነው አውቃለሁ።